እናቴን ትቼ የሰው እናት ላጥና?

«የተከበሩ መምህር፦ ዕድሜዬ 31 ነው፤ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ትምህርት ክፍል አስተምራለሁ። የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት የዕድር አባላት በሆኑ አረጋውያን ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ልቤ ከዚህ ጉዳይ አልወጣም። አሁን በአውሮፓ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተቀብሎኛል፤ አማካሪዬ የሚፈልጉት የኢትዮጵያ አረጋውያንን የጽናት ደረጃ በመጠይቅ እንድለካ ነው። ባልደረቦቼ ግን ‹በሽማግሌ ጥናት ማን ገንዘብ ይሰጥሻል? በስደት ወይም በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ ብትሠሪ ይሻልሻል› ይሉኛል። ከሁሉም የከበደኝ የቤተሰቤ ነገር ነው። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት አለፈው። የ68 ዓመት እናቴ ደሴ ብቻዋን ትኖራለች፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በ2014ቱ ጦርነት እኛ ልጆቿ ከከተማው ስንወጣ ‹ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ› ብላ ቀረች፤ ያን ጊዜ ያቆየቻት አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። ታላቅ ወንድሜ መሄዴን ሲሰማ ‹የገዛ እናትሽን ጥለሽ የሰውን እናት ልታጠኚ ነው?› አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። መልሴን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳሳውቅ ተጠይቄአለሁ። ይህ መስክ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆነኛል? ወይስ ስሜቴን ተከትዬ ልሳሳት ነው? እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ።»

ውድ ልጄ፣

«እንደ ልጅዎ ይምከሩኝ» ስላልሽ «አንቺ» እያልኩ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባልደረቦችሽ ይናገሩበታል፤ የአማካሪሽ ፍላጎት ተጽፎበታል፤ የወንድምሽ ቃልም እንደ እሾህ ተሰክቶበታል። የእናትሽ ድምፅ ግን ከአንድ ቦታ በቀር አይሰማም፤ እሱም በጦርነቱ ጊዜ «ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ያሉት ነው። ስለ መሄድሽ ምን እንዳሉ፣ ጨርሶ ተጠይቀው እንደሆነም አልነገርሽኝም። ይህን ያነሣሁት ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ አረጋውያን በሌሉበት ስለ አረጋውያን መወሰን ልትገቢበት ባሰብሽው ሙያ ውስጥ የቆየ ሕመም ስለሆነና፣ በገዛ ቤትሽ ውስጥ ስታዪው በጥናትሽም ውስጥ ለማየት ዓይንሽ እንዲከፈት ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ዋናውን ጥያቄሽን ልመልስ። መስኩ የዕድሜ ልክ ሥራ ይሆንሻል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን አማካሪሽ ባቀረቡልሽ መልኩ እንዳለ ብትቀበዪው ለአንቺም ለአረጋውያኑም የሚበጅ አይመስለኝም። ሁለቱንም ላብራራ።

ባልደረቦችሽ አገራችን የወጣቶች አገር ስለሆነች የእርጅና ጥናት ቅንጦት ይመስላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2050 ወደ 2.1 ቢሊዮን እንደሚደርሱ፣ ከእነዚህም 80 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ያመለክታል። ነገሩን ወደ እኛ ስናመጣው፣ የጡረታ አበል የሚያገኘው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግል ድርጅት ተቀጥሮ መዋጮ የከፈለ ሰው ነው። ገበሬው፣ ጉልት ነጋዴዋ፣ ሸማኔው፣ ዕድሜዋን ሙሉ በቤቷ የሠራች እናት በዚህ ውስጥ የሉም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች «ቀጥታ ድጋፍ» የሚለው ክፍል አለው፤ እሱም የሚደርሰው በተመረጡ ወረዳዎች ለተመረጡ ሰዎች ነው። የቀረውን የሚሸከሙት ልጅ፣ ጎረቤት፣ ዕድር፣ ሰንበቴ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ናቸው። ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ፣ ሰፈር በልማት ሲፈርስ፣ ዕድርተኛው ሲበታተን ይህ ሸክም በማን ትከሻ ላይ ይወድቃል? ይህን ለማወቅ እነዚያኑ አረጋውያን ከዓመት ዓመት መከተል ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜ መግፋትና በጤና ላይ ያደረገው ትልቁ የብዙ አገሮች ጥናት ከአፍሪካ ያካተተው ጋናንና ደቡብ አፍሪካን ነው። በደቡብ አፍሪካም በአጊንኮርት ገጠር ከ5,000 በላይ ሰዎችን በየጊዜው የሚከታተል ሌላ ጥናት አለ። ኢትዮጵያዊቷ አሮጊት በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የለችም። ስለ አፍሪካ እርጅና ሲጻፍ የእኛ ሰው የሚገመተው በጋናዊውና በደቡብ አፍሪካዊው ነው ማለት ይቻላል።

አማካሪ የምትሆንሽ፣ በዚህ ጉዳይ ያረጀች ፕሮፌሰር በአገር ውስጥ ለምን በቀላሉ እንደማታገኚም ልንገርሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በአብዮቱ ዘመን ተዘጋ፤ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመሐል የጠፉት 30 ዓመታት ማለት ዛሬ 60 ዓመት ሞልቷቸው አንቺን የሚያሠለጥኑ የነበሩ ምሁራን ሳይፈጠሩ የቀሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ብቸኝነትሽ የርእስሽ ጥፋት አይደለም። ይህ ብቸኝነት ዋጋ እንደሚያስከፍልሽ ግን አልደብቅሽም፤ ረቂቅሽን አንብቦ የሚያርምልሽ ባልደረባ በአንድ ኮሪደር አታገኚም። ከነርሲንግ፣ ከሕዝብ ጤና፣ ከሶሲዮሎጂ አንድ አንድ ሰው ፈልጊ፤ ቡታጅራን የመሰሉ፣ ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሕዝብ ልደትና ሞት ሲመዘገብባቸው የቆዩ የጥናት ጣቢያዎች ውስጥ ከሚሠሩት ጋር ተዋወቂ። በወር አንድ ጊዜ ተገናኝታችሁ አንድ ጽሑፍ የምታነቡ ሦስት ሰዎች ከሆናችሁ ለጀማሪ ይበቃል።

አሁን ወደ ጽናት ልምጣ፤ የደብዳቤሽ ከባዱ ነገር ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማስብ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ጽናት፣ ማለትም ሰው መከራ ደርሶበትም ቀና ብሎ መኖሩ፣ እንደ ፅንሰ ሐሳብ የተወለደው ከሕፃናት ጥናት ነው። ኤሚ ወርነር እና ባልደረቦቿ በሃዋይ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተሉ። በድህነትና በተበጠበጠ ቤት ካደጉት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አደጉ፤ ወርነር ስትመረምር ከብዙዎቹ ጀርባ አንድ የሚያስብላቸው ትልቅ ሰው፣ አያት ወይም አክስት፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪ ነበር። ወደ አረጋውያን ሲመጣ በመጀመሪያ የገነነው ሌላ አስተሳሰብ ነው። ሮው እና ካን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1987 «የተሳካ እርጅና» የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ በኋላም ሦስት መስፈርት አበጁለት፦ ከበሽታና ከአካል ጉዳት መራቅ፣ የአካልና የአእምሮ ብቃት፣ በሕይወት ውስጥ ንቁ ተሳትፎ። በዚህ መስፈርት እናትሽ ስኳርና ደም ግፊት ስላለባቸው ገና ከበሩ ይመለሳሉ። በጦርነት ከተማ ውስጥ ቤታቸውን ጠብቀው የቆዩትን ሴት «ያልተሳካላቸው» የሚል ሚዛን ትክክል አይሆንም። ጽናትን የማጥናት ፍላጎት በአረጋውያን ዘንድ የበረታው አንዱም ለዚህ ነው፤ በሽታውም ሐዘኑም እያለ ሰው እንዴት እንደሚኖር ይጠይቃልና።

ነገር ግን ጽናት በመጠይቅ ይለካ ሲባል ምን እንደሚሆን ከራሴ ልንገርሽ። በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ ዋግኒልድ እና ያንግ የተባሉ የነርሲንግ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ባለ 25 ጥያቄ መጠይቅ ሲሆን፣ መነሻው ከከባድ ሐዘን ወይም ለውጥ በኋላ ቀና ብለው ከኖሩ 24 አሜሪካውያን አሮጊቶች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ ነው። በጥሩ ሥራ ላይ የቆመ መሣሪያ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት የዚህን ዓይነት መጠይቅ በአማርኛ ተርጉሜ በሰሜን ሸዋ አንድ ቀበሌ ዞርኩ። አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። «በራሴ እተማመናለሁ፤ ከ1 እስከ 7 ስንት ይሰጡታል?» አልኳቸው። እንዝርቱን በሁለት ጣታቸው አቁመው አዩኝና «በራሴማ ምን ብዬ? በሠራኝ ነው እንጂ» አሉ። 2 ብዬ ጻፍኩ። «ካስፈለገ ብቻዬን መሆን እችላለሁ» የሚል ይዘት ያለውን ሳነብላቸው ደግሞ አማተቡና «ብቻ መሆንስ ለጠላቴም አይስጠው» አሉኝ። 1 ብዬ ጻፍኩ። እኒህ ሴት ባላቸውንና አራት ልጆቻቸውን ቀብረዋል፤ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ የሚፈትሉት ለደብተር መግዣ ነው። ደምሬ ሳየው በዚያ ቀበሌ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት አንዷ እሳቸው ሆኑ።

ስህተቱ የእሳቸው አይደለም፤ የመጠይቁም ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው። አሜሪካዊቷ አሮጊት ብቻዋን መቆሟን እንደ ብርታት ትቆጥረዋለች፤ ለእኛዋ እናት ብቻ መቅረት ራሱ መከራው ነው። በራስ መመካት በእምነት ቤት ላደገ አረጋዊ ትዕቢት ነው። ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለ። እናቶቻችንን «እንዴት አለፉት?» ስትያቸው «ችለን ነዋ» ይሉሻል። መቻል በአማርኛችን አቅም ማለት ነው፤ ዝም ብሎ መሸከም ማለትም ነው። ቻይ የተባለች ሴት ስለ በረታች ይሁን የሚሰማት ስላጣች በቁጥር አይለይም። የጽናትን ሐሳብ ዛሬ የመንግሥት ሰነዶችም ወደውታል፤ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር» ሲባል ሰምተሻል። አይበገሬ የሚለው ቃል ስለ ድልድይ ወይም ስለ ሰብል ሲነገር አልከፋም። ስለ 80 ዓመት ባልቴት ሲነገር ግን «ይችላሉ፤ ተዉአቸው» ወደሚል ትርጉም በቀላሉ ይንሸራተታል። የአንቺ ጥናት አረጋውያን ጽኑ መሆናቸውን አስመስክሮ ድጋፍ የሚቀንስ ሰው እጅ እንዳይገባ አስቀድመሽ ልታስቢበት ይገባል።

ስለዚህ ጥያቄውን ከሰውዬው ልብ አውጥተሽ ወደ ዙሪያው ብታሰፊው እመክርሻለሁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 በቺካጎ ከተማ በወረደው ኃይለኛ ሙቀት 739 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ኤሪክ ክሊነንበርግ የተባለ ሶሲዮሎጂስት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድሀ ሰፈሮችን አነጻጸረ። በአንደኛው የሞቱት ከ100,000 ሰው 40፣ በሌላው 4 ነበሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በሁለቱም ነበሩ። ልዩነቱን ያየው በመንገዱ ላይ ነው፤ ሞት በበዛበት ሰፈር ሱቆቹ ተዘግተው፣ ቤቶቹ ባዶ ሆነው፣ አረጋውያኑ ፈርተው በራቸውን ዘግተው ነበር፤ በሌላው ሰፈር መንገዱ በሰው የተሞላ፣ ሱቅ በደጅ ያለበት ስለሆነ ሽማግሌው ከቤት ይወጣል፣ ካልወጣም «ዛሬ ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። በትርጓሜው ላይ በኋላ የተከራከሩት ምሁራን አሉ፤ አንቺም ክርክሩን ማንበብ አለብሽ። ለእኔ ግን የእናትሽን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። እናትሽን በ2014 ያቆየቻቸው አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት ብለሽኛል። ያቺ ሴት በየትኛው መጠይቅ ውስጥ ትገባለች? የጽናት መለኪያው እናትሽን ይጠይቃል፤ ጎረቤታቸውን ግን አይጠይቅም።

ያቺ የፈትል እናት ውኃ የሚቀዱት ከቦኖ ነበር። ቀድሞ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያመጡ ነበር፤ እኔ ባየኋቸው ጊዜ ባለ 5 ሊትሩን ይዘው ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ በመሐልም አንዲት ባለሱቅ ደጃፍ ላይ ባለ ድንጋይ ተቀምጠው ያርፋሉ። ፓውል ባልተስ እና ማርግሬት ባልተስ የተባሉ ጀርመናውያን የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 አረጋዊ ሰው የሚሠራውን መርጦ፣ በመረጠው ላይ ተግቶ፣ የጎደለውን በሌላ መንገድ እየተካ ይኖራል ሲሉ ያብራሩት በዚያች ትንሽ ጀሪካን ውስጥ አለ። ግን ድንጋዩ የባለሱቋ ነው። ድንጋዩን ያነሣች ቀን የሴትዮዋ ብልሃት ግማሹ ይጠፋል። ይህን የሚያስተውል ተመራማሪ ያስፈልገናል፤ አንቺ በዕድር ውስጥ ያለፍሽ ስለሆነ ታስተውያለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንግዲህ ለአማካሪሽ ምን ትጽፊያለሽ? መጠይቁን አልፈልግም አትበያቸው፤ በቁጥር የተደገፈ ሥራ ያስፈልግሻል፤ እሳቸውም ገንዘቡን ያገኙት በዚያ ስም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዓመት መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት አረጋውያኑ ራሳቸው ስለ መቻልና ስለ መጽናት በምን ቃል እንደሚናገሩ የምታዳምጪበት ጊዜ እንዲሆን ጠይቂ። መጠይቁ ሲተረጎምም እያንዳንዱን ጥያቄ ለጥቂት አረጋውያን እያነበብሽ «ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» ብለሽ እንድታጣሪው የሚያስችል ጊዜና በጀት ይያዝልሽ። ይህ የታወቀ የምርምር ዘዴ ስለሆነ አማካሪሽ አይቃወሙም። ዕድሜ ስትጠይቂም በዓመተ ምሕረት አትጀምሪ፤ ብዙዎቹ 60፣ 70፣ 80 እያሉ በሙሉ ቁጥር ይነግሩሻል። «ጣልያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? በ66ቱ ድርቅ ስንተኛ ልጅዎን ይዘው ነበር? በ77 የት ነበሩ?» እያልሽ ስትሄጂ ዕድሜውንም ታገኛለሽ፣ ሰውዬው ያለፈበትንም ትሰሚያለሽ። በወሎ ምድር ለምትሠሪ ይህ ዘዴ ብቻ ሳይሆን የጥናትሽ ልብ ነው፤ በ66 ረኀብ የ16 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት በ2014 ጦርነት ውስጥ የቆየችው ያንን ተምራ ይሆን ወይስ ያኔ ተጎድታ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ የሰው ታሪክ ከሥር ካልተከተልሽው አይገባሽም።

ሌላው የምትጠይቂው የቆይታሽን አደረጃጀት ነው። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከስዊድንና ከቤልጅየም ጋር ሲሠሩበት የኖረ «ሳንድዊች» የሚባል አካሄድ አለ፤ ተማሪው ጥቂት ወራት እዚያ ተምሮ፣ ጥቂት ወራት እዚህ መረጃ ሰብስቦ፣ እየተመላለሰ ያጠናቅቃል። አንቺን የተቀበለሽ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ስም ባይጠራውም፣ የጥናት ሜዳሽ ደሴና አካባቢው ከሆነ ከአራቱ ዓመታት ሁለቱን ያህል እዚህ እንድትሆኚ መደራደር ትችያለሽ። ይህን ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ አድርጊው፤ ከገባሽ በኋላ መደራደር ይከብዳል። የትምህርት ፈቃድሽን በተመለከተም ከዩኒቨርሲቲሽ ጋር የምትገቢውን የመመለስ ውል አንቀጽ በአንቀጽ አንብቢው።

ስለ ገንዘቡ ባልደረቦችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ለጋሾች ለሕፃናት፣ ለእናቶች፣ ለስደት በራቸው ሰፊ ነው። ነገር ግን እርጅና በእነዚያ በሮች ሁሉ ይገባል፤ ዓረብ አገር የሄደችው ወጣት ልጇን ያስቀመጠችው አያቲቱ ዘንድ ነው፤ የተፈናቀለው ቤተሰብ ውስጥ መራመድ የማይችል አባት አለ። የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን የጤናማ እርጅና አሥርት ብሎ ሰይሟል፤ የአፍሪካ ኅብረትም ስለ አረጋውያን መብት የሚደነግገውን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2016 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አጽድቋል። የገንዘብ ማመልከቻ ስትጽፊ እነዚህን ጥቀሺ። ጽሑፍ በማሳተም በኩል ለዕድገት ተጣድፈሽ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ ለሚያትሙ መጽሔቶች ስምሽን እንዳትሰጪ፤ ከረዳት ፕሮፌሰርነት አንድ ዓመት ብትዘገዪ ይሻላል።

በዚህ ሙያ ማንም የማያስተምርሽን ሁለት ነገር ላክል። አረጋውያኖቻችን «ለጥናቱ ፈቃደኛ ነዎት?» ስትያቸው «እሺ ልጄ» ይሉሻል፤ እሺታው ፈቃድ ሳይሆን ለእንግዳ የሚሰጥ አክብሮት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከኋላሽ እርዳታ ይመጣል ብለው ሊሆን ይችላል። ቅጹን ካስፈረምሽ በኋላ «መቼ ነው የምትሰጡን?» ብለው ሲጠይቁሽ ያልገባቸው እሳቸው ሳይሆኑ ያላስረዳሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ በሌላ ቀን ተመልሰሽ ደግመሽ ጠይቂ። ሁለተኛው፣ በተመለስሽ ቁጥር ከዝርዝርሽ ውስጥ የሞተ ታገኛለሽ። በመረጃ ቋትሽ ላይ «ከጥናቱ የወጣ» ተብሎ የሚመዘገበው ሰው ባለፈው ዓመት ቡና አፍልቶ የጠበቀሽ ነው። ለቅሶ ድረሺ። ዕርም ለማውጣት ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ቀበረው፣ ማን ድንኳን እንደ ተከለ፣ ማን ከሩቅ እንደ መጣ፣ ማን እንዳልመጣ የምታዪው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። ቃሉ የጎዳሽ እውነት ስላለበት ነው። እውነቱ ግን እሱ ባሰበው ቦታ አይደለም። የሰው እናት ማጥናት እናትን መካድ ቢሆን ኖሮ ሐኪም የሆነ ልጅ ሁሉ የካደ ይሆን ነበር። ዛሬም ከእናትሽ ጋር አንድ ቤት አትኖሪም፤ በዩኒቨርሲቲሽ ከተማ ነሽ። እሱስ የት ነው? ይህን የምልሽ መልስ እንድትሰጪው አይደለም፤ ከወንድም ጋር በመከራከር ቀን አታጥፊ። እናትን መጦር የሴት ልጅ ድርሻ ነው ተብሎ በዝምታ መያዙን ግን በጥናትሽም ስለምታገኚው አሁኑኑ ለራስሽ ብታውቂው ጥሩ ነው። ይልቅ ወንድምሽን ጠርተሽ ከሁለት የሚካፈል ነገር አንድ በአንድ ጻፉ፦ የክትትል ቀጠሮ ቀን ማን አብሮ ይሄዳል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ማን ይገዛል፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸው ታድሷል ወይ፣ የዕድር መዋጮ በማን እጅ ይከፈላል፣ ሌሊት ቢታመሙ ስልኩ ወደ ማን ይደወላል። ለመጨረሻው መልሱ ያቺ ጎረቤት እንደምትሆን እገምታለሁ። ለእሷ ደመወዝ እንከፍላለን ብላችሁ እንዳታስቀይሙ፤ ያደረገችው ለደመወዝ አይደለምና። የልጇን የትምህርት ወጪ፣ የበዓል ወጪ፣ እሷ ስትታመም የምትታከምበትን ተሸከሙ፤ ይህንንም ራስሽ ሄደሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ በእናትሽ ፊት ንገሪያት።

ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ጠይቂ። በስልክ አይሁን። ወሩ ከማለቁ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ ደሴ ውጪ። ልትሄጂ ስላሰብሽበት ትምህርት በእሳቸው ቋንቋ ንገሪያቸው፤ አራት ዓመት መሆኑን፣ በየዓመቱ ስንት ወር እዚህ እንደምትሆኚ፣ ምን እንደምትፈሪ አንድም ሳትደብቂ። «ሂጂ ልጄ» ቢሉሽ ወዲያው አትቀበዪ፤ ያ «እሺ ልጄ» ከሚለው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ ጠዋት ደግመሽ ጠይቂ። «አትሂጂ» ቢሉሽም ምን እንደሚያስፈራቸው ስሚ፤ ምናልባት የሚያስፈራቸው ብቻ መቅረት ሳይሆን የአንቺ ዕድሜ መግፋት፣ አለማግባትሽ፣ ወይም አገር ለቀሽ እንዳትቀሪ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ የተለያየ ነው። ፈጽሞ አይሆንም ካሉ፣ በአገር ውስጥ የዶክትሬት ፕሮግራም አለ፤ ርእስሽ እዚሁ ነውና አይጠፋብሽም፤ አንድ ዓመት ብትቆዪም ዕድሜሽ ገና 31 ነው።

የመጠይቁን ረቂቅ ይዘሽላቸው ሂጂ። ለጥናት አይደለም፤ ስማቸውም ነጥባቸውም አይመዝገብ። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤታቸውም ባለችበት፣ አንድ በአንድ አንብቢላቸውና ሁለቱ ሴቶች በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደሚስቁ፣ በየትኛው ላይ ዝም እንደሚሉ፣ አንዷ ለሌላዋ የትኛውን እንደምትመልስላት ልብ በዪ። ለአማካሪሽ የምትጽፊውን ደብዳቤ ከዚያ ስትመለሺ ጻፊው።